አማላጇ ቲማቲም

አክስቴ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ «ቅጠሌ» ይሏታል፤ እሷ ያቆላመጧት ይመስላታል። ስለ ቅጠል ከተነሳ አፏ አይዘጋም። ለባሏ ለጋሼ ግን፣ ካኮረፈች ወዲህ አንዲት ቃል አትተነፍስም።

የኩርፊያው መነሻ ቲማቲም ነው፤ አትሳቁ። ከሟች እናቷ ጓሮ ያመጣችውን ዘር በረንዳው ላይ አፍልታ፣ እንደ ልጅ ስታሳድገው ከርማ፣ ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ ሄደች። «ውሃ አጠጣልኝ» ብላ ጋሼን አደራ አለችው። ጋሼ ኳሱን ሲያይ ሰነበተ። ስትመለስ ከአንዷ በቀር ሁሉም ደርቀው ጠበቋት። ሰውየው ይቅርታ በማለት ፈንታ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቲማቲም እንደሆነ ገበያው ሞልቶ!»

በቃ፣ ያን ቀን የሁለቱም አፍ ተዘጋ። መጀመሪያ አብሬያቸው በምኖረው በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «ለጋሼሽ ንገሪው፣ እራት ቀርቧል።» ኧረ ሰውየው አጠገቧ ነው የተቀመጠው! እኔ በምሠራበት ፀጉር ቤት የሰው ወሬ ስሰማ ውዬ፣ እቤት ደግሞ ስልክ ልሁን? «መስመሩ ተቋርጧል» ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

ያኔ ወደ ተረፈችው ቲማቲም ዞሩ። ሳሎን መስኮት ላይ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ተተክላለች። ጋሼ «አንቺ ቲማቲም፣ መነጽሬን አይተሻል?» ይላል። አክስቴም ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዙራ፣ ባሏን በኩርፊያ አንቱ እያለች «ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያፈጡ የተዉበት ይፈልጉት በያቸው» ትላለች። አግቦው ለቲማቲሟም ሳይከብዳት አልቀረም።

አንድ ቀን አክስቴ ፊቷ ጠቁሮ ከሥራ ገባች። የሳይንስ ክበቧን ክፍል ርዕሰ መምህሩ ለስብርባሪ ወንበር ማከማቻ ሊያደርገው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ተማሪ ካልተመዘገበ ክበቡ አለቀለት። ያቺን ክፍል ከወጣትነቷ ጀምሮ በገዛ እጇ ነው ያቆመቻት። «የተሰበረ ወንበር እንኳ በለጠኝ» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

«ልጆቹ ያሉት ስልካቸው ውስጥ ነው፤ ቪዲዮ እንሥራ» አልኳት። ዕፅዋት እንዴት እንደሚነጋገሩ ልታስረዳ ተነሳች። የመጀመሪያው ላይ «የተከበራችሁ ተመልካቾቼ» ብላ ጀምራ ትርጓሜውን ስትተነትን፣ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ያየነው እሷ፣ እኔና ተሳስቶ የገባ አንድ ምስኪን ነን።

«ስሚኝ፣ እንደ ወሬ አድርገሽ አውሪው» አልኳት። «አባጨጓሬ ቅጠል ሲበላ ምን ይሆናል?»

«የተበላው ቅጠል ሽታ ይለቃል። ጎረቤቱ ሽታው ሲደርሰው ይዘጋጃል፤ ለአባጨጓሬው የማይጥም ይሆናል።»

«እኮ! ‹ሌባ ገብቷል፣ በራችሁን ዝጉ› ተባባሉ ማለት ነዋ! እንደሱ በዪው።»

ሁለተኛውን ሳሎን ውስጥ፣ ቲማቲሟ ፊት ቀረጽን። አክስቴ ቀንቷታል፤ እጇ ሁሉ ያወራል። «ቲማቲም ውሃ ሲጠማት ጠቅ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ታሰማለች፤ የእኛ ጆሮ ግን አይሰማውም» እያለች ሳለ፣ ጋሼ ፎጣ አገልድሞ፣ ፊቱን ሳሙና በሳሙና አድርጎ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ። ስልኬን አላየም። መነጽሩ የለማ!

«አንቺ ቲማቲም፣ ውሃው መሃል ላይ ጠፋብኝ። ባልዲው የት ነው? ጠይቂልኝ።»

አክስቴ ካሜራውን ረሳችው። «ቲማቲሜ፣ ውሃ ማጣት እንዲህ ነው በያቸው!»

በሳቅ ልሞት! ቪዲዮውን ስታየው «አዋረድሽኝ» ብላ ጮኸች። ቆይታ ግን «ለወንበር ከምሸነፍ ልዋረድ፤ ልቀቂው» አለች። ጋሼም ለቲማቲሟ «ከወገብ በላይ ከሆነ ግድ የለኝም በያት» አለ።

በማግስቱ አገር ምድሩ አየው። ተማሪዎቹ የክበቡን በር ሊሰብሩት ደረሱ፤ ግን አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ አሉ። «ቲቸር፣ ጋሼና ቲማቲሟ ካልመጡ አንመዘገብም!»

አክስቴ ማታ ቆርቆሮው ፊት ስትንጎራደድ ቆይታ «ቲማቲሜ፣ ዓርብ ክበቡ ጋ ብቅ ቢሉልኝ… ለምኚልኝ» አለች። ጋሼ ጋዜጣውን ሳያወርድ «እመጣለሁ በያት» አለ።

ዓርብ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ቆርቆሮውን እንደ ሙሽራ ታቅፎ ገባ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። አክስቴ ስለ ዘሩ፣ ስለ እናቷ፣ ደርቀው ስለቀሩት ችግኞች ተረከች። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ጠምቷቸው ሲጮሁ እርስዎ አልሰሙም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን አልሳቀም። እንደለመደው ወደ ቲማቲሟ ዞረ።

«አንቺ ቲማቲም፣ የእነሱን ጩኸት ጆሮዬ አይሰማም። እሷ ግን በአፏ ነግራኝ ነበር። የእናቷ መሆናቸውንም አውቅ ነበር። ንገሪያትማ…»

አክስቴ ቆርቆሮውን ከፊቱ አንስታ መሬት አስቀመጠችው። «እሷ ደክማለች። ለእኔ ንገረኝ።»

እኔማ እንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነው። ጋሼ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

አክስቴ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

«ባልዲው ከበሩ ኋላ ነበር» አለችው።