የአድማጩ አስተያየት

ሰፈሩ «አድማጩ» ይለዋል። እንጀራው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ሙያው ግን ማዘን። ጠዋት የፀጉር ቤቱን መዝጊያ ወደ ላይ ከመግፋቱ በፊት ማዳመጫዋ ግራ ጆሮው ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ሰው የሚያናግረው በቀኝ በኩል ነው፤ እሱም ደስ ካለው። በግራው ከፖድካስት እውነተኛ ታሪክ ይፈሳል። መርከብ የሰጠመበት፣ ባሏ የከዳት፣ ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ያረጀ፣ የዓለም መከረኛ ሁሉ ባቄላ በምታክል ፕላስቲክ በኩል ገብቶ ልቡ ላይ ሰፍሯል። ለቤተሰቡ የሚሆን ቦታ ከተረፈ እሰየው፤ ካልተረፈም እሱ ምን ያድርግ፣ ልብ እኮ አዳራሽ አይደለም።

ልብ ወለድ አይወድም። «ፈጠራ ለሕፃናት ነው፤ እኔ የምፈልገው እውነት ነው!» ይላል ምላጩን እያወዛወዘ። ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር ደግሞ ማንም ስለ ድርሰት አይከራከርም። ፖድካስቱ አንጀት የሚበላ ቦታ ላይ ሲደርስ ቶንዶሱን አጥፍቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ እንደ ጎፈረ፣ መስታወት ውስጥ ከራሱ ጋር ተፋጥጦ የማያውቃት ሴት ሐዘን እስኪያልፍ ይጠብቃል። ተነስቶስ ወዴት ይሄዳል?

ታሪኩ ሲያልቅ አስተያየት ይልካል፤ ያውም በድምፅ፣ ጽሑፍ ሲቃውን አያሳይለትማ። «ውድ አዘጋጆች፣ ዛሬም አስለቀሳችሁኝ» ብሎ ይጀምርና ወላጆችን መክሮ፣ ባለሥልጣናትን ገሥጾ፣ የሰውን ዘር በጅምላ ይቅር ብሎ ያበቃል። ከዚያ ቶንዶሱን ያስነሳል፣ ፊቱ የጽድቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ፈክቶ።

አንድ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ የነበረው አንድ ሹፌር ነው። ይህ ሰው ታክሲ ይነዳል፤ ቤቱም ከአድማጩ ታናሽ እህት ቤት ጋር በር ለበር ነው። አባታቸው ነገር መርሳት ከጀመሩ ወዲህ እዚያው እሷ ዘንድ ናቸው። ከፀጉር ቤቱ እስከዚያ አንድ ታክሲ ያደርሳል። አድማጩ ግን «ነገ እመጣለሁ» እያለ ዓመት አልፎታል።

«ዛሬስ ለብቻዬ አልሰማውም፤ አንተም ስማና ሰው ሁን» አለና ስፒከሩን ከፈተው።

አቅራቢዋ ከንፈር በሚመጥ ድምጿ አስቀድማ ተናገረች። ባለታሪኳ እንዳትታወቅ በሌላ ሰው ድምፅ ይነበባል፤ የአንዳንድ ሰዎች ሥራም ተቀይሯል። ከዚያ ታሪኩ ገባ። አንዲት ሴት ሁሉ ነገር የተረሳቸውን አባቷን ለብቻዋ ታስታምማለች። ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። የአባቱ ሱሪ ተቀዶ ጉልበታቸው ውጭ ሲውል እሱ በስልክ «ነገ» ይላል። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ልትሰፋ ብላ በመርፌ ጭናቸውን ወጋቻቸው፤ ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

አድማጩ አነባ። ሹፌሩ ግን ከጨርቁ ሥር እጁን ጨበጠ። የተወጋው ጭን ሳይሆን የተቆረጠው ጆሮ እንደነበረ፣ መርፌውም የወጥ ቤት መቀስ እንደሆነ ያውቃል፤ ደሙን በጨርቅ ይዞ ሽማግሌውን ክሊኒክ ያደረሰው እሱ ነዋ።

«ሰፊ ነው አለች?» ሲል ጠየቀ በመስታወቱ ውስጥ እያየው።

«ሰፊ! ድሮስ ከሰፊ ምን ይጠበቃል? ለሠርግህ ያዘዝከውን ሱፍ ልጅህ ድክድክ ሲል ነው የሚያደርሱልህ።»

«አባትህስ እንዴት ናቸው?»

«አባባ? ደህና ነው። እህቴ አለች አይደል? ነገ ብቅ እላለሁ። አሁን ዝም በል፣ አስተያየቴን ልላክ።»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ቶንዶሱ ማጅራቱ ላይ ነበር።

«ውድ አዘጋጆች» አለ አድማጩ ስልኩን እንደ ማይክ አፉ ሥር ይዞ፤ «እናንተ የእውነት የመጨረሻ ምሽግ ናችሁ። ያ ልብስ ሰፊ እየሰማኝ ከሆነ አንድ ነገር ልበለው። አንተ ሰው፣ የገዛ አባትህ! እኔ በበኩሌ ራቁቴን እሄዳታለሁ እንጂ ሱሪዬን አልሰጥህም። አንቺም እህቴ አይዞሽ። ወንድም ካጣሽ እኔ ወንድምሽ ነኝ።»

በሳምንቱ ፖድካስቱ ይህንኑ በሙዚቃ አጅቦ አሰማው። አድማጩ ደንበኞቹን ትንፋሽ ከልክሎ ደጋግሞ አስደመጣቸው። በዚያኛው ቤት እህቱ ከሹፌሩ ጋር ሆና ሰማች። ጠረጴዛ ይዛ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከዳት።

«እንዲሰማኝ ብዬ ነበር የተናገርኩት» አለች ፊቷን ጠርጋ። «ሌላ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ካሁን በኋላ እንኳ ካልመጣ አባባ ሞቶ ነው የሚመጣው። በል መኪናህን አስነሳ፤ ወንድምሽ ልሁን ብሎኛል፣ ተቀብያለሁ።»

ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ አግዳሚው ሞልቷል። ሽማግሌው በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ፤ ፀጉራቸው በአንድ በኩል አንገታቸውን አልፏል፣ በሌላው እንደ ተቃጠለ ሣር ተጎራርዷል።

«አባባ! ነገ ልመጣ እኮ ነበር» አለ አድማጩ።

«ደህና ነህ ወይ፣ ሰፊው?» አለች እህቱ።

አድማጩ በመጀመሪያ ፈገግ አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የአባቱን ፀጉር አየ፣ ጆሯቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አየ፣ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። አግዳሚው ላይ ያሉት በሙሉ ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ።

«በአደባባይ አዋረድሽኝ?»

«ስምህን ማን ጠራ፣ ጋሼ? ሥራህን እንኳ ቀይረውልሃል። አንተ ራስህ አላወቅከውም።»

«የእኔን ወገን ማን ጠየቀኝ? ይሄ ጋዜጠኝነት ነው? ይሄ አሉባልታ ነው!»

የእውነት የመጨረሻው ምሽግ ከሳምንት አላለፈም።

«ያንተን ወገንማ ልከሃል» አለ ሹፌሩ። «በሙዚቃ ነው ያሰሙን።»

አግዳሚው ሳቁን መያዝ አቃተው። አድማጩ የአባቱን ክንድ ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው፤ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረና ቶንዶሱን አነሳ። ሽማግሌው በመስታወት ውስጥ አዩትና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ተው ልጄ፣ አትንካኝ።»

«ላስተካክልህ ነው እኮ፣ አባባ።»

«የኔ ልጅ ፀጉር አስተካካይ ነው። ራሴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ቢያገኘኝ ይቀየመኛል። ሥራ ስለበዛበት ነው እንጂ እሱማ አይቀርም ነበር። ጥሩ ልጅ ነው። ታውቀዋለህ?»

ማንም አልሳቀም። እህቱ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አድማጩ ጎንበስ ብሎ ለገዛ አባቱ እንደ ባዕድ ተናገረ።

«አውቀዋለሁ። እሱ ነው የላከኝ። አይቀየምዎትም።»

«ታዲያ እንዲህ አትልም?» ብለው እጃቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ቶንዶሱ ከማጅራታቸው ተነስቶ ሽቅብ መውጣት ጀመረ፤ ጥቂት እንደ ሄደ ግን በመስታወቱ በኩል ቀና ብለው ተመለከቱት።

«ምነው፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል? ጀማሪ ነህ እንዴ?»

«ጀማሪ ነው፣ አባባ» አለች እህቱ ከበሩ ሳትዞር። «ትንሽ ታገሠው።»