«ሐሊማ አለች?»

ልጅ ሳለሁ የአባቴ እህት ሰዓዳ እናቴን በቁሟ ገደለቻት። የገደለቻት በአንዲት ቃል ነው፤ ቢላዋማ ሽንኩርት ለመክተፍ እንኳ አታነሳም ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። ይባስ ብሎ ያኔ በዚያች ቃል ወደድኳት፣ እጇንም ሳምኩ።

የምንኖረው አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ ሐዲድ ላይ ስለሚሠራ አንዳንዴ በድሬዳዋ መስመር ከርሞ ይመጣል። እናቴ ሐሊማ የአሳይታ አፋር ናት። ዘምባባ ሰንጥቃ ሰሌን ትሠራና ባቡር ሲገባ ጣቢያ ወርዳ ለመንገደኛ ትሸጣለች። አክስቴ ሰዓዳ ደግሞ ከባሏ ተጣልታ «ለጥቂት ቀን» ብላ መጣች፤ ያ ጥቂት ቀን እኔ የወተት ጥርሴን ነቅዬ፣ ሌላ አብቅዬም አላለቀም።

ሐጋይ የሚባለው የቆላው የሙቀት ወራት ሌላውን ሰው ያነደዋል፤ ለእኔ ግን የዓመቱ ድግስ ነበር። ቤት ውስጥ ስለማይተኛ አልጋው ሁሉ ግቢ ይወጣል። የዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ንፋሱ ሊነሳ ሲል መሬቱን ውሃ እንረጨዋለን፤ አፈሩ እፍ ብሎ ይተነፍሳል፣ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከሽቶ ሁሉ ይበልጥብኛል። በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ የዋለው ሐብሐብ ይወጣና እስከ ጆሮዬ ድረስ ገብቼበት እበላለሁ፤ ፍሬውን አጥር ላይ እተፋለሁ። ከዚያ ለትንኝ ኩበት ይጨሳል፣ ፋኖሱ ግራሩ ላይ ይሰቀላል፣ ከፍሙ አጠገብ ሰዓዳ እግሯን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ክፋቷን ባልክድም ይህን ደግሞ አልክድባትም፤ ተረት ስታወራ እንደሷ ያለ ሰው አልገጠመኝም። ኋላ በከፈትኩት ምግብ ቤት ሾፌሮች ረስተውት የሄዱትን መጽሐፍ ሁሉ ራሴን በራሴ አስተምሬ አንብቤአለሁ፤ አንዱም እንደሷ ፀጉሬን አላቆመውም።

አንድ ተረት ነበራት። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ አረፍ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አይተላለፍም፤ ይህ ዳጉ ይባላል። በዳጉ አይዋሽም፤ ሰው በዚያ ወሬ ከብቱን ይነዳል፣ ይጋባል፣ ይቀብራል። ታዲያ በሰዓዳ ተረት አንድ የጨው ነጋዴ ዳጉውን ሳያደርስ በውሃ ጥም በረሃ ላይ ይሞታል። ወሬው አፉ ውስጥ ስለቀረ መሬት አልቀበለው አለች፤ እስከ ዛሬ ይሄዳል።

«ንፋስ ሲነሳ፣ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ይመጣል» ትለኝ ነበር፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች። «ከደጅ አያልፍም። ውሃ ብትሰጪው አይጠጣም። አቧራ እግሩን አይነካውም፤ ያን ሁሉ አሸዋ ተሻግሮ እግሩ እንደ ሕፃን እግር ንጹሕ ነው። ከዚያ የቤቱን አንድ ሰው ስም ይጠራል፤ እከሌ አለች? ይላል። አለች ካልሽው ይዟት ይሄዳል።»

«ምን ልበለው ታዲያ?»

«ሞታለች በይው። ለሟች ምን ወሬ ይነግራል? ዞሮ ይሄዳል።»

እናቴ ሰሌኗን እየጎነጎነች ከጨለማው በኩል «ሰዓዳ፣ በዳጉ አይቀለድም» አለቻት።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ተረት እኮ ነው። ተረትም ከአሳይታ ፈቃድ ይምጣለት?»

ያን ሐጋይ እናቴ እኔን ይዛ ወደ አባቷ ልትሄድ ትዘጋጅ ነበር። ለእሱ የሚሆን ሰሌን ጀመረች፤ ጠርዙ ላይ ከእናቷ የተማረችውን አጎነጓጎን፣ አንዱን ዘለላ ወደ ኋላ እየመለሰች የምትቆልፈውን፣ ለእኔም ታሳየኛለች። «ይሄ የቤታችን ነው» ትለኛለች፤ «ዐይንሽን ብትጨፍኚ ጣትሽ ያውቀዋል።» እኔ ጉዞውን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ የግመል ወተት እጠጣለሁ፣ ተምር እለቅማለሁ። ሰዓዳ ግን ለጎረቤት ስታንሾካሹክ ሰምቻታለሁ። «ከሄደች አትመለስም። ወንድሜም ልጄን ብሎ ይከተላታል። ያኔ እኔ የማን ደጅ ልጠና?»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ባቡር ገብቶ ጣቢያ ወርዳለች። ንፋሱ ተነስቶ አጥሩ ያፏጫል፣ ፀሐይዋ በአቧራው ውስጥ እንደ ሐብሐብ ቀልታለች። እኔ መሬት ስረጭ ቀና ስል ደጃችን ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ሲመጣ አላየሁትም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን ሰቅሎበታል፤ ከኋላው ብርሃን ስላለ ፊት የለውም። እግሩን አየሁ። ንጹሕ ነበር። እንደታጠበ ያብረቀርቃል፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት የለበትም።

«ሐሊማ አለች?» አለ።

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ሰዓዳ ከቤት ወጣች፤ አየችው፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሞታለች» አለችው። «ቀብረናታል። ከእንግዲህ ወዲህ አትምጡ።»

ሰውየው ዱላውን ከትከሻው አወረደ። መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ዘረጋና ሞት ሲሰማ የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ፊቱን አበሰ። ያቀረብኩለት ውሃ እንኳ አልነበረም፤ ቢቀርብም የሚጠጣ አይመስልም። ተነስቶ ንፋሱ ውስጥ ገባ፣ አቧራውም ዋጠው።

ቀሚሷን ያዝኩ። «አክስቴ፣ እሱ ነው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን? አየሽ አይደል እግሩን?»

«ቁርአን ቀራ እኮ። ጅን ይቀራል?»

«የእስላም ጅን የለም ያለሽ ማን ነው?» አለችና ወደ ቤት ገፋችኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ከነገርሻት ድምፅሽን ሰምቶ ይመለሳል።»

ያኔ ነው እጇን የሳምኩት። እናቴን ከሞት ያዳነቻት መስሎኛል። እናቴ ከጣቢያ ስትመለስ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አልላቀቅም አልኩ፤ «ምን ሆነሽ?» ብትለኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም። ሰዓዳ በዚያ ምሽት ተረት አላወራችም። ፍሙን ብቻ ስትቆሰቁስ አመሸች።

አባቴ ከመስመር ተመልሶ መኪና እስኪያገኝልን ሰሌኑም አለቀ። ተሳፈርን። መንገዱ እንዳሰብኩት ነበር፤ ሾፌሩ ሙዝ ሰጠኝ፣ መስኮቱን ከፍቼ አፌን ለንፋሱ ከፈትኩ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ማለቂያ አልነበረውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምግብ ለመብላት በወረድንበት ሁሉ እናቴን የሚያውቋት አፋሮች ሲያዩዋት ድንገት ዝም ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ሰላምታዋን ሳይመልስ ምንጣፉን ጠቅልሎ ሄደ። ዳጉ የሚጠይቃት ሰው ጠፋ። «ምን አደረግኳቸው?» አለችኝ እየሳቀች፤ ሳቁ ግን ጉንጯ ላይ ደረቀ።

አሳይታ የደረስነው መግሪብ ሊል ሲል ነው። እናቴ አባቷ ፊት በመንገድ አቧራ እንዳትቀርብ ወንዙ ዳር ወረደችና እግሯን ታጠበች፤ የእኔንም አጠበችልኝ። በዘምባባዎቹ መሐል ሽቅብ ስንሄድ ወተት የያዘች ልጅ ከፊታችን መጣች። እናቴን አየች። ዐይኗ ወደ እናቴ እግር ወረደ። ወተቱን ጥላ ሮጠች፤ ከዚያ ሰፈር ውስጥ የእሳት ብርሃን አንድ በአንድ ሲሸፈን አየሁ።

የአያቴ ቤት በሰሌን የተሸፈነች ዳስ ናት። መግቢያዋ ተዘግቷል። በቀዳዳው የፍም ቅላት ይታያል፤ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

«እናቴ፣ ክፈቺልኝ» አለች እናቴ በአፋርኛ።

«ማነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሐሊማ።»

ከዚያ የአያቴ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱ ፊደል እየተንቀጠቀጠ መጣ።

«ሐሊማ ሞታለች።»

ሰዓዳ ያስተማረችኝ ቃል ነው። የሚባለው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀና ብዬ እናቴን አየኋት። ጨለማ ውስጥ ፊት አልነበራትም። እግሯ ንጹሕ ነበር። ለአንዲት ቅጽበት፣ አላህ አፉ ይበለኝ፣ እጄን ከእጇ አላቀቅኩ።

እናቴ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሰሌኑን ከትከሻዋ አውርዳ በመግቢያው ስር ወደ ውስጥ ገፋችው። ከዚያ ጣት ጠርዙ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ኪሽ፣ ኪሽ፣ ዘለላው ወደ ኋላ የሚቆለፍበት ቦታ ላይ ይቆምና እንደገና ይሄዳል። አያቴ አሸተተችው መሰለኝ።

«ዘምባባው ገና እርጥብ ነው» አለች። «የሞተ ሰው ሰሌን አይሠራም።»

መግቢያው ተከፈተ። የሆነውን ሁሉ ያኔ ሰማን። ያ መንገደኛ የእናቴ አጎት ልጅ ነበር፤ አባቷ ታሞ ሊጠራት ነው የመጣው። እግሩን ያጠበው አዋሽ መስጊድ ውስጥ ለሶላት ነበር። የሞተች መሆኗን ከራሷ ቤት አፍ ስለሰማ አልተጠራጠረም፤ ዳጉ ነውና ማንም አልተጠራጠረም። ወሬው መንገድ ዳር ያሉት ሰርዶና ዲቾቶ ድረስ ደርሷል፣ ሰደቃ ወጥቶላታል። አባቷም ልጄ ቀደመችኝ ብሎ ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ለእሱ የተሠራው ሰሌን ላይ ያን ምሽት እኔ ተኛሁበት።

አዋሽ ስንመለስ የሰዓዳ አልጋ ባዶ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሷት ኮምቦልቻ ገብታለች። እናቴ አልጋውን አንስታ ከስሩ ያለውን መሬት ውሃ ረጨችው።

አሁን ሰመራ ነው የምኖረው፤ ለሾፌሮችና ለቢሮ ሰዎች ምሳ እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ አሳይታ ገብታለች፤ ዐይኗ ደክሟል፣ ጣቷ ግን አልደከመም። በየሐጋዩ ሐብሐብ ጭኜ እሄዳለሁ፣ ውጭ እንተኛለን፣ ጠርዝ እንጎነጉናለን። ከዚያ ተረት የቀረኝ አንድ ልማድ ነው፤ ደጄ ላይ ሰው ሲቆም ከፊቱ አስቀድሜ እግሩን አያለሁ።

ዘንድሮም ለመሄድ ሐብሐቡን ጆንያ ውስጥ ስከት ንፋሱ ተነሳ። ቀና ስል ደጄ ላይ አንዲት አሮጊት ቆማለች፤ ስትመጣ አላየኋትም። እግሯን አየሁ። ለሶላት ታጥባ ነው መሰለኝ፣ ንጹሕ ነው።

«ሐሊማ አለች?» አለች።

ድምፅዋን አወቅሁት። ፍሙ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ሰዓዳ ነኝ። ለሐጅ ልወጣ ነው፣ አፉ ሳልባል፣ ይቅርታ ሳላገኝ መሄድ የለብኝም። እሷ ከሌለችም አንቺ አፉ በይኝ፣ ይበቃኛል።»

«ከሌለችም» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ሰማሁ። የሞተች ሐሊማ ዛሬም ትቀላታለች። አንዲቷ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች፤ ራሷ ያስተማረችኝ ናት። ብላት ዞራ ንፋሱ ውስጥ ትገባለች፣ እናቴም ሁለተኛ ትቀበራለች፤ በዚህ ጊዜ በእኔ አፍ። በሩን በሰፊው ከፈትኩና እንዲህ አልኳት፦

«አለች። ግቢ፣ ሐብሐብ ብዪ። ነገ አሳይታ ይዤሽ እሄዳለሁ። ሞታለች ያልሽው በራስሽ አፍ ነው፤ አለች የምትይውም በራስሽ አፍ ነው።»