በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው?

በሩ ስለሚንኳኳበት ቤተሰብ የሚናገረው ያ የድሮ አስፈሪ ታሪክ፣ ሰው እንደሚለው «ለማታውቀው አትክፈት» ለማለት የተጻፈ አይደለም። ከውጭ ቆመ የተባለውን ጭራቅ ማንም አላየውም። የምናየው ከውስጥ ትንፋሹን የዋጠውን ቤተሰብ ብቻ ነው።

ባለፈው በጋ ይህንኑ ከጎንደር መጥቶ እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ለሚማረው ተከራዬ ሳስረዳ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ቧንቧችን ከደረቀ ሰንብቷል፤ የቀረን አንድ ጀሪካን ውሃ ነበር። በቀዳዳው ሳይ ጎረቤታችን ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

«ውሃ ልትለምን ነው ጋሼ፣ ዝም እንበል» አለኝ ተከራዬ በሹክሹክታ። እኔም የመጣችበትን ጠርጥሬ ዝም አልኩ። ደጋግማ አንኳኳች።

«ዋይ እናንተ ሰዎች፣ ሞታችኋል እንዴ?» ብላ ጮኸች በመጨረሻ። «እኛ ጋ ውሃ መጥቷል! ዕቃ ቢያንሳችሁ ብዬ የኔንም ይዣለሁ፤ ሳይሄድ ኑ ቅዱ!»

እየሮጥን ስንደርስ ቧንቧዋ የሚተፋው ንፋስ ብቻ ነበር።

«እናንተ በር ላይ ስታስቆሙኝ ሄደ» አለችን።

እስከ ዛሬ ግን የጠራችን የራሷን በርሜል ሞልታ ከጨረሰች በኋላ ይመስለኛል። እኔ ከጥርጣሬ አልድንም። እናንተ ግን ሲንኳኳ ክፈቱ።