በሰው ዕጣ የተቆረጠ ዛፍ

በሰው አገር፣ ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን ጓሮ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ቤቱን ስንገዛ እኔን ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው። ባለቤቴ ግን ገና ዕቃ ሳናስገባ «ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል» አለች። በአምስተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ ትልቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጋራዡን ቆርቆሮ ጨፈለቀው፤ ግንዱም ወደ ጋራዡ አዘነበለ። እንደተናገረችው ስለሆነ ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ከዌስትላንድስ ሰፈር የጠራሁት ዛፍ ቆራጭ ግቢውን ዞሮ ዞሮ አየ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ስላለ ከላይ እየተቆራረጠ በገመድ መውረድ አለበት፣ ፈቃድም ያስፈልጋል አለና ሰማንያ አምስት ሺህ ሽልንግ ጠየቀኝ። ማንም ሳይከፈለው የተከለውን ነገር ለማንሳት ይህን ያህል መክፈል ዝርፊያ መስሎ ታየኝ። ገንዘቡ አልነበረኝም እንዳልል ነበረኝ፤ መሃል ከተማ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ደህና ይሸጥ ነበር። ግን የዕቃ መግዣዬን ለዛፍ ማውጣት አንጀቴ እምቢ አለ። ያኔ ዕቁባችን ትዝ አለኝ።

ሠላሳ ሰዎች ነበርን፤ በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ባንድ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት እንሰበሰባለን። ዕጣ የወጣለት የሁላችንንም መዋጮ ይወስዳል። አስቸኳይ ችግር የገጠመው ካለ ግን ተነስቶ ይናገራል፤ ባለዕጣው ከፈቀደም ይለቅለትና የራሱን በሌላ ወር ዕጣ ይጠብቃል። ይህ የሚጠየቀው ለለቅሶ፣ ለሕክምና ወይም ለፖሊስ ጣጣ ነበር። ለዛፍ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

በዚያ እሑድ ዕጣው የደረሰው በሰው ሳሎን ወንበር ተከራይታ ፀጉር ለምትሠራ ሴት ነበር። እልል ተባለላት። መሃል ከተማ የራሷን ሳሎን የምትከፍትባት አንዲት ጠባብ ክፍል አግኝታ ነበር፤ አከራዩ ለዲፖዚቱ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን። እልልታው ሳያባራ ተነሳሁ።

«ዛፍ ቤቴ ላይ ሊወድቅብኝ ነው» አልኩ። «ልጆቼ የሚተኙት ከሥሩ ነው።»

ልጆቼ የሚተኙት ፎቅ ላይ፣ በመንገዱ በኩል ነበር። ከዛፉ ሥር የምታድረው መኪናዬ ናት። ውሸቱ አምልጦኝ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከቤት ስወጣ ጀምሮ ስለማመደው ነው የመጣሁት።

የዕቁቡ ዳኛ ወደ እሷ ዞሩና «ምን ትያለሽ ልጄ? መብቱ ያንቺ ነው» አሏት።

ወደ እኔ ዞረች። «ክፍል ሌላ ይገኛል፣ ልጅ ግን አይገኝም። ይውሰዱት ጋሼ» አለችኝ። ዕጣ የለቀቀ ሰው ማካካሻ መቀበሉ የተለመደ ስለሆነ አምስት ሺህ ቆጥሬ ብዘረጋላት «በልጆች ነፍስ ገንዘብ አልቀበልም» ብላ እጄን መለሰችው። ሰዉ ሁሉ መረቃት። እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

ፈቃዱን እንዳወጣሁ የሱቅ ጎረቤቴ ከአንድ እንጨት ነጋዴ ጋር አገናኘኝ። ሰውየው ግንዱን ለምሰሶ ይፈልገዋል። «ግንዱ የኔ፣ የሠራተኛ ሃያ ሺህ ያንተ። ሳዋ?» አለኝ። «ሳዋ» አልኩት፣ ሳልከራከር ተስማማሁ። በሁለት ቀን ዛፉ ከግቢዬ ወጣ።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ደውዬ «ችግሬ ቀለለ፣ የተረፈውን ወስደሽ ክፍልሽን ያዢ» ማለት ይቻል ነበር። ስልኩን አንስቼ ስሟን ሁሉ ፈልጌ አወጣሁ። ግን መጥቼ ልየው ብትልስ? ለሌሎቹስ ብትነግር? ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ዛፉ የነበረበት ቦታ ጭቃ ሆኖ ዓይኔን ሲያስጠላኝ ንጣፍ ድንጋይ አስነጠፍኩበት፤ የጋራዡንም ጣሪያ አሳደስኩ። ክፍሏን ሌላ ሰው ተከራየው። እሷም ወደ ሰው ሳሎን ወንበሯ ተመለሰች።

ከወራት በኋላ የትንሿ ልጄን ልደት ስናከብር የዕቁብ ሰዎችም ተጋብዘው ነበር። ፀጉር ሠሪዋም የሹሩባ ጨሌ ይዛ መጣች፤ ስጦታዬ ይሄ ነው ብላ ልጄን ጭኖቿ መካከል አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራላት ጀመር። እኔ ሶዳ በትሪ ይዤ በር ላይ ስደርስ ትጠይቃታለች።

«ያ ዛፍ ሊወድቅባችሁ የነበረው ክፍል የትኛው ነው?»

«ኖ፣ የኛ ሩም እኮ አፕስቴርስ ነው፣ በሮዱ በኩል» አለች ልጄ። «እዚያ ጋ የዳዲ ካር ብቻ ነበር።»

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የሶዳ ጠርሙሶቹን አየሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሹሩባውን ቀጠለች። እስከ መጨረሻው ሠርታ፣ ጨሌውን ደርድራ፣ ልጄን ግንባሯ ላይ ስማ ሄደች።

ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርብኝ ኖሮ እክዳት ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ተቆጥቼ፣ ስሜን አጠፋች ብዬ፣ ሽማግሌ ልኬባት እገላገል ነበር። በሚቀጥለው የዕቁብ እሑድ ዘግይቼ ስገባ እንደ ወትሮዋ ለታላቅ ብድግ አለችና «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። ከኋላ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ እምቢ ማለት አቃተኝና፣ የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።