ወደ በራቸው የዞረው ማኅተም

በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ የእግረኛ መንገድ ሲሠራ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሥራ ተቋራጩ ስምና ዓመቱ ይታተምበታል። እኔም ሰፈራችንን ስዞር አንገቴን ደፍቼ ማኅተሞቹን ማንበብ እወዳለሁ። ዛሬ ጠዋት እንደዚያ እያነበብኩ ስሄድ የአንዲት አሮጊት መጥረጊያ ረገጥኩ።

«እግርህን አንሣ እንጂ የኔ ልጅ! ዓይንህን ጫማህ ላይ ነው እንዴ የሰፋኸው?»

በሌሊት ልብሳቸው ላይ የወንድ ካፖርት ደርበዋል፤ እጅጌው ስለረዘመባቸው ሁለት ጊዜ ጠቅልለውታል። የዛፍ ሥር ያነሣውን የሲሚንቶ ንጣፍ በዝግታ ይጠርጋሉ። ንጣፉ ነገ ስለሚፈርስ የምልክት ነጭ ቀለም ተቀብቶበታል። ከቀለሙ ሥር «ቪላርዶ፣ 1961» ይላል።

«ይኼኛውስ ተገልብጧል» አልኳቸው። በዚህ መንገድ ያሉት ማኅተሞች ሁሉ የሚነበቡት ከአስፋልቱ በኩል ሲቆሙ ነው፤ ይህ ግን ፊቱን ወደ ቤታቸው አዙሯል።

«አለቅየውም እንዲሁ ብሎ ጮኾበት ነበር» አሉና መጥረጊያውን ተደገፉት። «የሠራው ባለቤቴ ነው። የራሱን ስም ማተም አይችል፤ የአለቃውን ስም ወደ በራችን አዞረልኝ። ከቤት ስወጣ እንዳየው።»

«ታዲያ የሚያፈርሱትን ሠራተኞች ቆርጠው እንዲሰጡዎት አይለምኗቸውም፣ እማማ?»

«ለመንኳቸው እኮ። ሲነሣ ይሰባበራል አሉኝ።»

ቆሻሻውን አፍሼላቸው ልሄድ ስል ጠሩኝ።

«ነገ በዚህ ስታልፍ አዲሱን ማኅተም ወዴት እንዳዞሩት እይልኝ። እኔ ከነገ ጀምሮ የምወጣው በጓሮ በር ነው።»