ያልተረጎምኩት ጥያቄ

ይህን ነገር ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ በየዓመቱ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ ስዘረዝር ቆይቼ እሱ ጋ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ስለማታውቁኝ ነው።

እኔ ሱሉልታ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ በአስተርጓሚነት ቆሜ ዋሸሁ። አልተሳሳትኩም፣ ቃል አልጠፋኝም፤ ዋሸሁ። በእኔ ውሸት አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ልጅቷ ለሊሴ ትባላለች። ጆሮዋ አይሰማም። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ፣ ወተት እያቀረቡ የሚተዳደሩ ገበሬ ናቸው። ለሊሴ አራተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ሥራዋ ከሰሌዳ መገልበጥ ብቻ ነበር። ጽሕፈቷ ከእኔ ጽሕፈት ያምራል፤ የጻፈችው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። እኛም ደብተሯን አይተን "ጎበዝ" ብለን ራይት እናደርግላት ነበር።

ከዚያ መምህርት ሕይወት መጣች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የሥነ ጥበብ መምህርት ናት፤ ኮሌጅ ሳለች የምልክት ቋንቋ ተምራለች። በእረፍት ሰዓት ለሊሴንና ጓደኞቿን ሰብስባ ታስተምራቸው ጀመር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ስድስት ሰባት ልጆች ከለሊሴ ጋር በእጃቸው ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲጣሉ ማየት ለመድን። ልጅቷ የምትገለብጠው ነገር ይገባት ጀመር። እኔ ያኔ ያደረግሁት ነገር ቢኖር "በፈተና ሰዓት ይቀዳዱበታል" ብዬ መክሰስ ነው።

በዓመቱ፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ወላጆች የመረጡት ተጨማሪ ቋንቋ ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ ተባለ። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ የምልክት ቋንቋ፣ ወይ ተጨማሪ እንግሊዝኛ። አንደኛውን የምታስተምረው ሕይወት ናት፤ ሁለተኛውን እኔ።

መምህር የሆነ ሰው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል። ክፍለ ጊዜው የጎደለ መምህር "ትርፍ" ይባልና መምህር ወደሌለበት ትምህርት ቤት ይዛወራል። በዚያ ዓመት የእኔም የሕይወትም ክፍለ ጊዜ ጎድሎ ነበር። እነዚያን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ያጣ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ቤት ሠርቼ ገና ጣሪያ ማልበሴ ነበር። ሕይወት ወጣት ናት፣ ልጅ የላትም፣ የትም ብትሄድ ትለምዳለች አልኩ። ለሊሴስ? ስለ ለሊሴ አላሰብኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤያለሁ። አስቤ ነው ያደረግሁት።

ጠዋት የከተማው ወላጆች በአማርኛ ተሰብስበው መረጡ፤ ድምፁ እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከሰዓት የገጠሮቹ መጡ። ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ተጠርቶ ወጣ። ሕይወት ኦሮምኛ አትችልም። "ጋሼ፣ እርስዎ ይተርጉሙልኛ" አለችኝ። እኔ ኦሮምኛን ከእናቴ ጡት ጋር የጠጣሁ ሰው ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ከየት ታመጣለች?

የምልክት ቋንቋ እንደማንኛውም ቋንቋ መሆኑን፣ የሚሰማ ልጅ ቢማረው እንደማይጎዳው፣ የማይሰማ ልጅ ግን ጓደኞቹ ካልተማሩለት ሰው መሃል ቁጭ ብሎ ብቻውን እንደሚቀር ተናገረች። እኔ ተቀብዬ በኦሮምኛ እንዲህ አልኩ፦ "ይህን የተማረ ልጅ ከማይሰሙት ጋር ይመዘገባል። ውሎ አድሮ መናገሩንም እየተወ ይሄዳል።" እንዲህ ስል ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አማርኛ የምትሰማ አንዲት እናት ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳያት ወዲያው አቀረቀረች። መምህርን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነዋ! በእሷ ጨዋነት ተሸፈንኩ።

ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። "በርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ይህቺ መምህርት ልጄን ከእኔ በላይ ታውቃታለች። እስቲ ጠይቅልኝ፤ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር እንዳትለያይ እኔ የቱን ልምረጥላት?"

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር መተርጎም የነበረብኝ። ወደ ሕይወት ዞሬ፣ "ለልጃቸው ስላደረግሽላት እያመሰገኑሽ ነው" አልኳት። እሷም ደስ ብሏት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እጅ ነሣች። ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞርኩና፣ "ለእሷ እንግሊዝኛው ይሻላታል ትላለች" አልኳቸው። የሕይወትን ፈገግታ አይተው አመኑ። "ገለቶማ" ብለው አመሰገኑኝና ተቀመጡ። ድምፅ ሲሰጥ በልጃቸው ላይ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው እሳቸውን አይቶ ተከተለ። የማይሰማ ልጅ ያላቸው እሳቸው አይደሉ?

ሕይወት ግራ ገብቷት፣ "ምን ነክቷቸው ነው?" አለችኝ። "ገበሬ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ ምን ይደረጋል" አልኳት።

በመስከረም ሕይወት ተዛወረች። ልጆቹ የሚያስተምራቸው ሲያጡ እጃቸው እየረሳ ሄደ፤ ከዚያም አዳዲስ ጓደኛ ያዙ። ለሊሴ ወደ ኋላ ወንበሯ ተመለሰች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ አፌ ሲንቀሳቀስ ስታየኝ ትውላለች። ስድስተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ መምጣቷን ተወች። ለምን ቀረች ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም ከስም መጥሪያው ላይ ስሟን ሰረዝኩና ቀጠልኩ። ኦቦ ቶሎሳ ግን ለፋሲካ አንድ ጀሪካን ወተት ይዘውልኝ መጡ፤ "ስለ ልጄ ስለደከምክ" ብለው። ወተቱን ተቀበልኩ። ከቤተሰቤ ጋር ጠጣሁት።

ባለፈው ወር ታክሲ ተራ ላይ አንዲት ወጣት ሴት እጄን ያዘችኝ። ለሊሴ ናት። አድጋለች፣ ቆንጆ ሆናለች። የምልክት ቋንቋውን የት እንደተማረችው አላውቅም፤ እጆቿ ግን እንደ ጉድ ይፈጥናሉ። ብዙ ነገር ነገረችኝ። እኔ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። አለመረዳቴን ስታውቅ ሳቅ አለችና አቀለለችልኝ፤ ወደ እኔ አመለከተች፣ መዳፏ ላይ የምትጽፍ አስመሰለች፣ ከዚያ እጄን ሳመችው። አባቷ "የደከመልሽ እሱ ነው" ብለው እንዳሳደጓት የገባኝ ያኔ ነው። ታክሲው መጥቶ ገብታ ስትሄድ እንባዬ መጣ። በዚህ ተጸጸተ እንዳትሉ፤ ማልቀስ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

ይቅርታ ልጠይቃት ብል በምን አፌ? አስተርጓሚ ይዤ ልሂድ? አስተርጓሚ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ ግን ሰበብ ነው፤ ኦቦ ቶሎሳ በሕይወት አሉ፣ ቤታቸው ከቤቴ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው፣ ከእሳቸው ጋር የምግባባበት ቋንቋ አለኝ። እስከ ዛሬ አልሄድኩም። አንድ ቀን ብሄድና ሁሉንም ብነግራቸው፣ እሳቸውም ለልጃቸው ቢያስረዷት፣ ለሊሴ እጇን አንሥታ አንድ ነገር ትለኝ ይሆናል። ይቅር ብትለኝም ብትረግመኝም፣ የእጇን ቋንቋ ስለማላውቅ ቆሜ ከማየት በቀር የትኛው እንደሆነ አይገባኝም።