እንጨቱን የገሠጸው ወንድሟ

በፈረንጆቹ 1986 ነበር፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ። የወለል ሰም ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የጃፓኖች ዕቃ ያለበት ያ ሙዚየም እንዲያ ነበር የሚሸተው።

ያኔ የምኖረው ከአንድ ጓደኛዬና ከእህቱ ጋር ነው። እኔና እሱ ሱዳን ነው የተዋወቅነው። አሜሪካ ገብተን ሲያትል አንድ አፓርታማ ይዘን እሷ መኝታ ቤቱን፣ እኛ ሳሎኑን ወሰድን። እሷ ጃኬት ፋብሪካ ትሰፋለች። ላገባት ፈልጌ ነበር፤ ግን ወንድሟ ከቤት አይጠፋማ፣ በየት በኩል ልንገራት?

አንድ ቀን ባስ ላይ በተለጠፈ የሙዚየም ማስታወቂያ የጃፓን ቀሚስ ሥዕል አይታ «ወይኔ፣ ይሄን በዓይኔ ባየሁት!» አለች። እሑድ እወስድሻለሁ አልኳት። እዚያ ልነግራት ነው እንግዲህ። ወንድሟ ሰማና «እኔም አለሁበት» አለ። ጴንጤ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚህ ግን ተጣልተን አናውቅም ነበር።

ሙዚየሙ ጭር ያለ ነው። የጨርቁ ቀለም እንዳይለቅ ብለው መብራቱን አደብዝዘውታል። ቀሚሱ መስታወት ውስጥ እጁን ዘርግቶ ተሰቅሏል፤ ሐር ነው፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ትንፋሿ መስታወቱን ጉም እስኪያለብሰው ተጠጋችው።

«ምናለ ጀርባውን ቢያሳዩን» አለች። «የሰፊ ጉድ የሚታየው በጀርባ ነው።»

«እኔ የምልሽ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ቆይ፣ ይቺን አበባ አይቼ ልጨርስ» ብላ ሳቀች። ምን ልበልህ፣ ያ ሳቅ!

ይሄኔ ከወዲያኛው ክፍል ጩኸት ተሰማ። «አንተ ርኩስ መንፈስ! በኢየሱስ ስም!»

ሮጠን ገባን። ወንድሟ አንድ ትልቅ የእንጨት ሐውልት ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሐውልቱ የጃፓኖች ቤተ መቅደስ በር ጠባቂ ነው አሉ፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጥርሱ የገጠጠ። ወንድሟ ላቡ ይንቆረቆራል፤ የምሩን ፈርቷል።

«ኧረ እንጨት ነው፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት።

«ያየኛል እኮ!»

«እሱን ተወውና አገር ምድሩ እያየህ ነው!»

የሙዚየሙ ጋርድ መጥቶ በትሕትና እስከ በሩ ሸኘን። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ባስ ውስጥ ወንድሟ «እህቴን ጣዖት ቤት ወስደህ!» አለኝ። «በል፣ ነገ ዕቃህን ይዘህ ውጣልኝ።»

«እወጣለሁ! ለምኜህ ልኖር መሰለህ?» አልኩና ወደ እሷ ዞርኩ። «አንቺስ? ታገቢኛለሽ ወይስ አታገቢኝም?» ባስ ሙሉ ሰው ዞረ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «እንዲህ ተቆጥተህ?» አለች።

አሁን እሱም እኔም ሸብተናል። እዚሁ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ሲያገኘኝ «ይቅር በለኝ እንጂ፣ አንተ» ይለኛል። አልልም። እሷን እንኳ የት እንዳለች አልጠይቀውም።

በዚያ እሑድ ማግስት ጠዋት ፍራሼን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ጠባብ ስለነበር አንዱን ጫፍ እሷ ያዘችልኝ። ታች ስንደርስ በእሷ በኩል ያለውን ጫፍ ቀስ አድርጋ መሬት አስነካችውና፣ የሥራ ባሷ እንዳያመልጣት ሮጠች።